ስልኩ ለምን ዝም አለ? የአንድሮይድና የአይፎን ማሳወቂያ ከውስጥ ሲታይ

መልእክቱ የተላከው 3 ሰዓት ላይ ነው። ስልኩ ኔትወርክ አለው፣ ባትሪው ሞልቷል፣ ድምፁም አልጠፋም። ሆኖም ስልኩ አልጮኸም፣ ስክሪኑም አልበራም። ከ40 ደቂቃ በኋላ መተግበሪያው ሲከፈት አምስት መልእክት ባንዴ ተግተልትሎ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ሰው መጀመሪያ ኔትወርኩን ይወቅሳል፣ ቀጥሎ መተግበሪያውን። ብዙውን ጊዜ ግን መልእክቱን የያዘው የስልኩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ የያዘውም ሆን ብሎ፣ በደንብ በተጻፈ ሕግ መሠረት ነው።

ማሳወቂያ፣ በለመድነው ስሙ ኖቲፊኬሽን፣ ከላኪው ሰርቨር ተነሥቶ ዓይናችን ፊት እስኪደርስ በርካታ በር ያልፋል። አንድሮይድና አይፎን በሮቹን የሠሩት ለየቅል ነው፤ ቁልፉንም የሰጡት ለተለያየ ሰው ነው። በአንዱ ስልክ የሠራ መፍትሔ በሌላው ላይ ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ መስመር ለሁሉም

ስልክዎ ላይ 40 መተግበሪያ አለ እንበል። እያንዳንዱ ከየራሱ ሰርቨር ጋር መስመር ከፍቶ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ ቢጠይቅ ስልኩ እንቅልፍ አያገኝም፣ ባትሪውም ቶሎ ይሟጠጣል። ስለዚህ ሁለቱም ሲስተሞች ለሁሉም መተግበሪያ የሚያገለግል አንድ መስመር ብቻ ክፍት ያደርጋሉ። አይፎን ይህን መስመር ከአፕል ሰርቨር ጋር ከ2009 ጀምሮ ይዞታል (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንድሮይድ በ2010 ከጉግል ጋር ጀመረው፤ ስሙ በ2012 ተቀየረ፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ፋየርቤዝ ክላውድ ሜሴጂንግ ይባላል። ከ2019 ወዲህ የጉግል አገልግሎት ሳይኖራቸው የወጡ የሁዋዌ ስልኮች የሁዋዌን የራሱን መስመር ይጠቀማሉ፤ አንድ መተግበሪያ ለዚያ መስመር ካልተዘጋጀ እነዚያ ስልኮች ላይ የሚዘገየው ወይም ዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዎ መልእክት ሲልክ የመተግበሪያው ሰርቨር ጽሑፉን ለአፕል ወይም ለጉግል ያስረክባል፤ እነሱ ደግሞ በዚያች አንዲት መስመር ወደ ስልክዎ ይገፉታል። የሚያልፈው ጥቅል በሁለቱም በኩል ከ4096 ባይት መብለጥ አይችልም። ይህ አጭር ጽሑፍ ለመያዝ ይበቃል እንጂ ፎቶ አይሸከምም። ማሳወቂያው ላይ ዓረፍተ ነገሩን አንብበው መተግበሪያውን ሲከፍቱ ባዶ ገጽና የሚሽከረከር ክብ የሚያዩት፣ ዋናው ይዘት በሌላ መንገድ ገና እየወረደ ስለሆነ ነው።

ስልኩ ጠፍቶ ከነበረ ልዩነት ይመጣል። ጉግል ለአንድ መተግበሪያ እስከ 100 መልእክት፣ ቢበዛ ለ4 ሳምንት ያቆይልዎታል። ከ100 ካለፈ የተጠራቀመውን ሁሉ ይጥልና መተግበሪያውን «አንዳንድ ነገር አምልጦሃል፣ ከሰርቨርህ ጋር ተመሳከር» ይለዋል። አፕል ግን ስልኩ በማይገኝበት ጊዜ ለአንድ መተግበሪያ አንዱን ማሳወቂያ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። አይፎኑን ለአንድ ቀን አጥፍተው ሲያበሩ አንድ ማሳወቂያ አይተው ውስጥ ገብተው አሥር መልእክት ቢያገኙ ብልሽት እንዳይመስልዎ። መልእክቶቹ አልጠፉም፤ በመተግበሪያው ሰርቨር ላይ ነበሩ። የጠፋው ጥሪው ብቻ ነው።

ተራ የስልክ ጥሪና በሲም ካርድ የሚመጣ የጽሑፍ መልእክት በዚህ መስመር አያልፉም። የአይፎን ለአይፎን ሰማያዊው መልእክት ግን ያልፋል። ይህ ጥሩ መመርመሪያ ይሆናል፦ ተራው የጽሑፍ መልእክት እየጮኸ መተግበሪያዎቹ በሙሉ ዝም ካሉ ችግሩ የድምፅ አይደለም፣ የመስመሩ ነው።

መስመሩን ከሚቆርጡት ነገሮች ዋነኛው የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ዋይፋይ ነው። የአፕል መስመር በፖርት (ግንኙነት በሚያልፍበት ባለ ቁጥር በር) 5223፣ የጉግል ደግሞ ከ5228 እስከ 5230 ባሉት ይሄዳል፤ አማራጭ ሲያጡ 443ን ይሞክራሉ። የኔትወርኩ አስተዳዳሪ ለድረ ገጽ ብቻ ፈቅዶ ሌላውን ዘግቶ ከሆነ፣ ወይም ማጣሪያው ምስጢራዊውን ግንኙነት ከፍቶ ሊያየው ከሞከረ፣ ኢንተርኔቱ እየሠራ ማሳወቂያው ይቆማል። ዋይፋዩን አጥፍተው በሞባይል ዳታ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ያኔ ከተግተለተለ መልሱ ተገኘ። ቀንና ሰዓቱ የተዛባ ስልክም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል፤ የሰርቨሩ የደኅንነት ሰርተፍኬት ጊዜው ያለፈበት ወይም ገና ያልደረሰ ስለሚመስለው ግንኙነቱን አይቀበልም።

የሚያሳየው ማነው?

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ በትክክል የሚለያዩት፤ ብዙ የተሳሳተ ምክርም የሚሰራጨው እዚሁ ላይ ነው።

አይፎን ላይ የሚታየውን ማሳወቂያ የሚያወጣው ሲስተሙ ራሱ ነው። መተግበሪያው ተኝቶ ይቀጥላል፤ መነቃትም አያስፈልገውም። ስለዚህ መተግበሪያውን ከክፍት መተግበሪያዎች ዝርዝር ወደ ላይ ጠርገው ቢያስወጡትም ማሳወቂያው ይመጣል። የሚቋረጠው ሌላው ዓይነት ነው፦ ድምፅም ጽሑፍም ሳያሳይ መተግበሪያውን «ይዘትህን አድስ» ብሎ የሚቀሰቅሰው ስውር መልእክት። ይህን አፕል በሰዓት ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ እንዳይላክ ይመክራል፤ የተቀሰቀሰው መተግበሪያም ሥራውን ለመጨረስ 30 ሴኮንድ ነው ያለው። በእጅዎ ጠርገው ያስወጡትን መተግበሪያ ደግሞ እስኪከፍቱት ድረስ በዚህ መንገድ አይቀሰቅሰውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ። መልእክታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠር፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ መተግበሪያዎች ጽሑፉን ግልጥ አድርገው በአፕል ሰርቨር ማሳለፍ አይፈልጉም። ከ2016ቱ አይኦኤስ 10 (አይኦኤስ የአይፎን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው) ጀምሮ ማሳወቂያው ከመታየቱ በፊት የመተግበሪያው ትንሽ ክፍል ነቅቶ ምስጢሩን እንዲፈታ ይፈቀድለታል፤ ለዚህም የሚሰጠው ጊዜ 30 ሴኮንድ ግድም ነው። ካልደረሰ ሲስተሙ የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንዳለ ያወጣዋል። አንዳንዴ የላኪው ስም ሳይኖር «አዲስ መልእክት ሊኖርዎት ይችላል» የሚል ደረቅ ጽሑፍ የሚመጣው ፍቺው ሳይሳካ ቀርቶ ነው።

አንድሮይድ ላይ ማሳወቂያውን የሚያወጣው በአብዛኛው መተግበሪያው ነው። መልእክቱ ሲደርስ ሲስተሙ ይቀሰቅሰዋል፣ እሱ ደግሞ ማሳወቂያውን ሠርቶ ያሳያል። ይህ ለመተግበሪያው ሰፊ ነፃነት ይሰጠዋል፤ ነገር ግን መተግበሪያው እንዳይነቃ ከተደረገ ማሳወቂያ የሚባል ነገር የለም። እንዳይነቃ የሚያደርጉትም ብዙ ናቸው።

ከ2015ቱ አንድሮይድ 6 ጀምሮ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሳይሆን፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ሳይነካ ከቆየ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ይገባል። ላኪው «አስቸኳይ» ብሎ ምልክት ያደረገበት መልእክት በዚህ መሐል ያልፋል፤ ተራው ግን ስልኩ አልፎ አልፎ ለአጭር ጊዜ ነቅቶ የተጠራቀመ ሥራ እስኪያከናውን ይጠብቃል። ማታ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ስልክ ጠዋት ሲነሣ ማሳወቂያ የሚዘንብበት ለዚህ ነው። ሁሉንም አስቸኳይ እያለ የሚልክ መተግበሪያም አያመልጥም፤ አስቸኳይ ብሎ ልኮ ለተጠቃሚው የሚታይ ነገር ካላወጣ ጉግል ደረጃውን ያወርድበታል። በ2018ቱ አንድሮይድ 9 ደግሞ መተግበሪያዎች እንደ አጠቃቀምዎ በደረጃ ይከፈላሉ፤ በየቀኑ የሚከፍቱት ከላይ፣ በወር አንዴ የሚከፍቱት ከታች። ከታች የወደቀው ከበስተጀርባ የሚሠራበት ዕድል ይጠብበታል። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ለወራት ያልተነካ መተግበሪያ ጭራሽ እንዲያንቀላፋ ይደረጋል፤ ያኔ አስቸኳይ የተባለውም መልእክት አይቀሰቅሰውም።

ከሁሉም የሚብሰው በመተግበሪያው ሴቲንግ ውስጥ ያለው አስገድዶ ማቆሚያ ነው። እሱን የተጫነበት መተግበሪያ እንደገና በእጅ እስኪከፈት ድረስ ምንም አይደርሰውም። በመደበኛው አንድሮይድ ከዝርዝር ጠርጎ ማስወጣት ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። አንዳንድ አምራቾች ግን ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ጠርጎ ማስወጣትን እንደ ማስገደድ እንዲቆጠር አድርገዋል። የአይፎን ባለቤት «እኔ ሁሌ ጠርጌ ነው የማስወጣው፣ ምንም አይሆንም» ሲል እውነቱን ነው። ያንኑ ልማድ እንዲህ ባለ አንድሮይድ ላይ ያመጣ ሰው ግን ስልኩን በገዛ እጁ ድምፅ አልባ ያደርገዋል።

ማድረግ ያለብዎ ይህ ነው። ሴቲንግስን ይክፈቱ፣ አፕስ ውስጥ ይግቡ፣ ችግር ያለበትን መተግበሪያ ይምረጡ፣ ባትሪ የሚለውን ነክተው «ያልተገደበ» ላይ ያድርጉት። እዚያው ገጽ ላይ መተግበሪያው ሳይነካ ከቆየ እንቅስቃሴው እንዲቆም የሚያዘውን ማብሪያ ማጥፊያ ያጥፉ። ስልክዎ «በራሱ መነሣት» ወይም ኦቶስታርት የሚል ተጨማሪ ፈቃድ ካለው ያንንም ይስጡት። «ሜሞሪ አጽጂ» ወይም «ባትሪ አዳኝ» ተብለው ለብቻ የሚጫኑትን ከስልኩ ያስወግዷቸው፤ ሥራቸው መተግበሪያዎችን መግደል ስለሆነ ማሳወቂያውንም አብረው ይገድሉታል። ይህን ሁሉ ለሁሉም መተግበሪያ ማድረግ ግን ባትሪውን መጨረስ ነው። ለሁለት ለሦስቱ የግድ ለሚያስፈልጉዎት ብቻ ያድርጉት።

አይፎን ላይ የዚህ ተመሳሳይ ችግር በብዛት የሚታየው በኢሜይል ነው። ከስልኩ ጋር የሚመጣው የሜይል መተግበሪያ ለተራ የጂሜይል አካውንት ወዲያው የሚገፋ መስመር የለውም፤ በየተወሰነ ደቂቃ ሄዶ ያመጣል። ኢሜይሉ 15 ወይም 30 ደቂቃ ከዘገየ የጂሜይልን የራሱን መተግበሪያ መጫን ነው መፍትሔው።

ቻናል፣ የአንድሮይድ ትልቁ ስጦታ

የአንድ ዕቃ ማመላለሻ መተግበሪያ ማሳወቂያዎችን ያስቡ። «ዕቃዎ በር ላይ ደርሷል» አስፈላጊ ነው። «ዛሬ ብቻ ቅናሽ» አይደለም። ሁለቱን መለየት የሚችለው ማነው?

በ2017ቱ አንድሮይድ 8 መልሱ ተጠቃሚው ነው። እያንዳንዱ መተግበሪያ ማሳወቂያዎቹን በየዓይነታቸው በቻናል እንዲከፍል ተገደደ። የቅናሹ ማሳወቂያ ሲመጣ ጣትዎን ተጭነው ያቆዩበት፤ የቻናሉ ስም ይወጣል፤ «ፀጥ ያለ» ያድርጉት ወይም ያጥፉት። የዕቃው ማሳወቂያ እንደነበረ ይቀጥላል። ለአንዱ ቻናል የተለየ ድምፅ መስጠት፣ «አትረብሽ» በርቶም እንዲያልፍ መፍቀድ ይቻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ቻናሉ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ድምፅ የማሰማት ሥልጣኑን ከፍ ማድረግ የሚችሉት እርስዎ ብቻ መሆንዎ ነው። መተግበሪያው ቻናሉን አጥፍቶ በዚያው መለያ ቢፈጥረውም የእርስዎ ምርጫ ተመልሶ ይመጣል። በአዲስ መለያ ቢፈጥር ሲስተሙ በመተግበሪያው የማሳወቂያ ገጽ ግርጌ ይህን ያህል ቻናል ተሰርዟል ብሎ ቁጥሩን ያሳይበታል።

ይህ ሁሉ የሚፈርሰው የመተግበሪያው ሠሪ ሰነፍ ሲሆን ነው። ሁሉንም ነገር «አጠቃላይ» በሚል አንድ ቻናል ካጨቀው፣ ወይም ምንም ቻናል ሳይሰይም ቀርቶ ሁሉም በሲስተሙ «ልዩ ልዩ» ቻናል ከገባ፣ ቅናሹን ሲያጠፉ ዕቃውም አብሮ ይጠፋል። አንድ መተግበሪያ በድንገት ዝም ካለ ከአንድ ወር በፊት በንዴት የዘጉት ቻናል መኖር አለመኖሩን መጀመሪያ ይመልከቱ።

አይፎን ቻናል የለውም። ለአንድ መተግበሪያ አንድ ማብሪያ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ የት ይታይ፣ ድምፅ ያሰማ ወይስ ቁጥር ብቻ ያሳይ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። በ2021 አይኦኤስ 15 ማሳወቂያዎችን በአራት ደረጃ ከፈለ፦ በጸጥታ የሚቀመጥ፣ ተራ፣ ጊዜ የማይሰጥ እና እጅግ አሳሳቢ። የመጨረሻው ስልኩ ድምፅ ጠፍቶበትም ይጮኻል፤ ስለዚህ ለጤና፣ ለደኅንነት እና ለመሳሰሉት ብቻ በአፕል ልዩ ፈቃድ ይሰጣል። ግን ደረጃውን የሚለጥፈው ሠሪው ነው። እርስዎ ጊዜ የማይሰጠውን መከልከል ይችላሉ እንጂ ከተራዎቹ መካከል ቅናሹን ከዕቃው መለየት አይችሉም፤ መተግበሪያው ውስጥ ገብተው የራሱን የማሳወቂያ ምርጫ መፈለግ ይኖርብዎታል። አፕል ከ2020 ጀምሮ የማስተዋወቂያ ማሳወቂያ ያለ ግልጽ ፈቃድ እንዳይላክ፣ ማቋረጫም መተግበሪያው ውስጥ እንዲኖር ደንግጓል። ደንቡ መልካም ነው፤ ግን በእጅ የሚነካ ማብሪያን አይተካም። በዚህ ነጥብ አንድሮይድ በግልጽ ይበልጣል።

በፈቃድ ጥያቄ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አይፎን ቀዳሚ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም አንዴ ብቻ ነው። «አይሆንም» ካሉ መመለሻው በሴቲንግስ በኩል ነው። አንድሮይድ እስከ 12 ድረስ ሳይጠይቅ ይፈቅድ ነበር፤ በ2022ቱ አንድሮይድ 13 መጠየቅ ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ ከከለከሉት መተግበሪያው ዳግም መጠየቅ አይችልም። አይፎን ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ከአይኦኤስ 12 ወዲህ አንዳንድ መተግበሪያዎች ሳይጠይቁ በሙከራ መልክ በጸጥታ ብቻ ይልካሉ። ማሳወቂያው ከላይ ሲጎትቱ ይገኛል፤ ግን አይጮኽም፣ የተቆለፈ ስክሪን ላይም አይወጣም።

መጥቶ የማይጮኸው

ማሳወቂያው ዝርዝሩ ውስጥ ካለና ድምፅ ብቻ ካላሰማ መስመሩን መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው። አይፎን ላይ ማሳወቂያን ለጊዜው ዝም የሚያሰኘው፣ ፎከስ የተባለው የ2021 አሠራር የብዙ ግራ መጋባት ምንጭ ነው፤ አይፓድዎ ላይ ያበሩት ፎከስ በነባሪው ስልክዎንም ዝም ያሰኛል። ሴቲንግስ፣ ፎከስ ውስጥ ገብተው በመሣሪያዎች መካከል የሚያጋራውን ማብሪያ ያጥፉ። የታቀደ ማጠቃለያ ውስጥ የገባ መተግበሪያም የተመደበለት ሰዓት እስኪደርስ ይያዛል። የአፕል ሰዓት እጅዎ ላይ ካለና ስልኩ ከተቆለፈ ማሳወቂያው ወደ ሰዓቱ ይሄዳል እንጂ ስልኩ ላይ አይጮኽም። የባለቤታቸውን ፊት አይተው የሚከፈቱት (ፌስ አይዲ ያላቸው) አይፎኖች ደግሞ ስክሪኑን እያዩት ከሆነ የጥሪውን ድምፅ ራሳቸው ዝቅ ያደርጋሉ፤ ብዙዎች ይህን የስፒከር ብልሽት ይመስላቸዋል።

አንድሮይድ ላይ ከ2020ው አንድሮይድ 11 ጀምሮ የሰዎች ንግግር ለብቻው ከላይ ይቀመጣል፤ አንዱን ሰው ተጭነው «ቅድሚያ» ቢሰጡት «አትረብሽ»ንም አልፎ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል። ተደጋጋሚ ጥሪ በሁለቱም እንዲያልፍ መፍቀድ ይቻላል፤ አይፎን ሁለተኛው ጥሪ በ3 ደቂቃ ውስጥ መምጣት አለበት ሲል አንድሮይድ 15 ደቂቃ ይሰጣል። ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚደውልልዎት ሰው ካለ ይህን ልዩነት ይንገሩት።

ሳያነቡ ጠርገው ያጠፉትን ማሳወቂያ በተመለከተ አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በኋላ ያሉት የማሳወቂያ ታሪክ አላቸው፤ ያለፉትን 24 ሰዓታት ያስቀምጣል። ግን መጀመሪያ መብራት አለበት፤ ካልበራ ያለፈውን አያመጣም። ዛሬውኑ ሴቲንግስ፣ ማሳወቂያዎች ውስጥ ገብተው ያብሩት። አይፎን ይህ የለውም፤ የጠረጉት ሄደ።

ማን ያነብበዋል?

አንድሮይድ ከ2013ቱ 4.3 ጀምሮ አንድ መተግበሪያ የሌሎችን ማሳወቂያ በሙሉ እንዲያነብ የሚያስችል ፈቃድ አለው። ለስማርት ሰዓት ይጠቅማል፤ ለክፉ መተግበሪያ ግን የባንክ ማረጋገጫ ኮድን እስከ ማንበብ የሚያደርስ በር ነው። አንድሮይድ 15 እንዲህ ያለውን ኮድ ካልታመኑ አንባቢዎች መደበቅ ጀምሯል፤ በቀድሞዎቹ ግን ራስዎ መጠበቅ አለብዎ። አፕስ፣ ልዩ የመተግበሪያ ፈቃድ፣ የማሳወቂያ መዳረሻ በሚለው ገብተው የማያውቁት ስም ካዩ ያጥፉት። አይፎን ከሌሎች ኩባንያዎች ለሚጫኑ መተግበሪያዎች ይህን በር አይከፍትም።

ያልተመሰጠረ ማሳወቂያ ደግሞ በአፕልና በጉግል እጅ ያልፋል። የአሜሪካው ሴናተር ሮን ዋይደን መንግሥታት ከሁለቱ ኩባንያዎች የማሳወቂያ መረጃ እንደሚጠይቁ በታኅሣሥ 2023 በደብዳቤ ይፋ አድርገዋል። ምስጢር የሚይዝ መተግበሪያ ካለዎት ማሳወቂያው ጽሑፉን እንዳያሳይ በመተግበሪያው ውስጥ ማዘዝ ይሻላል፤ የተቆለፈው ስክሪን ላይ መደበቅ ከጎን ከሚያይ ዓይን ነው የሚያድነው።

ሁሉን ሞክረው አንድ መተግበሪያ ብቻ እንቢ ካለ፣ በተለይ ስልክ ከቀየሩ ወይም ከባክአፕ ከመለሱ በኋላ ከሆነ፣ ችግሩ አድራሻው ላይ ነው። እያንዳንዱ መተግበሪያ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ቶክን የሚባል መለያ አለው፤ ሰርቨሩ የሚልከው ወደዚያ ነው። አዲሱ ስልክ አዲስ ቶክን አለው፤ ሰርቨሩ ግን በአሮጌው ላይ እየላከ ሊሆን ይችላል። ጉግል 270 ቀን ያልተንቀሳቀሰ ቶክንን ጨርሶ ይሰርዘዋል። ከአካውንትዎ ወጥተው እንደገና ይግቡ፤ ያ ካልሠራ መተግበሪያውን አጥፍተው ይጫኑትና የማሳወቂያ ፈቃዱን ሲጠይቅ ይስጡት። ከዚያ ስክሪኑን ቆልፈው፣ ሌላ ሰው መልእክት እንዲልክልዎ አድርገው ይሞክሩት፤ መተግበሪያው ፊት ለፊትዎ ተከፍቶ እያለ የሚደረግ ሙከራ ምንም አይነግርዎትም።